በቤቱ አልጋ፣ ከቤቱ ሲወጣ ቀጋ፦ ኢ. ኮላይን ፊኛ ውስጥ ጠላት የሚያደርገው የትኛው ጂን ነው?

ጥያቄው ከአንዲት የሕክምና ላቦራቶሪ ተማሪ የመጣ ነው። ባጭሩ እንዲህ ትላለች፦ «እህቴን በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያዛት። ካልቸሩ (ከሽንቱ ባክቴሪያ አራብቶ የሚለየው ምርመራ) ሦስቴም ኢ. ኮላይ ነው አለ። ክፍል ውስጥ ደግሞ ኢ. ኮላይ ጤነኛ ሰው አንጀት ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው ተብለናል። ታዲያ በሽታ አምጪ የሚያደርገው ጂን የትኛው ነው? መድኃኒት የተላመደ ማለትስ የበለጠ ኃይለኛ ማለት ነው? ጂኑን አስመርምሮ ይመለሳል፣ አይመለስም ማለት ይቻላል?»

እህቴ፣ መጀመሪያ አጭሩን መልስ ልስጥሽ። «ይሄ ነው» ተብሎ ጣት የሚቀሰርበት አንድ ጂን የለም። መድኃኒት መላመድና በሽታ የማምጣት ጉልበት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ምርመራውም ዛሬ ባለን እውቀት ይመለሳል ወይም አይመለስም ብሎ አይፈርድም። ለምን የሚለው ግን ሰፊ ነው። ሥራዬ የባክቴሪያ ዘረመል ስለሆነ ትንሽ ባንዛዛው ይቅር በይኝ።

«የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ» ይባል የለ? ኢ. ኮላይ የዚህ ግልባጭ ነው። ቤቱ አንጀት ነው፤ እዚያ አልጋ ነው፣ ማንንም ሳይነካ ይኖራል። ቴዎዶር ኤሸሪች የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1885 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገልጸውም ያገኘው ከሕፃናት ሰገራ ነበር። ቀጋ የሚሆነው ከቤቱ ወጥቶ የሽንት ፊኛ ውስጥ ሲገባ ነው። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ከያዛቸው አራት ሰዎች የሦስቱ ገደማ ጦስ እሱ ነው።

አንድ ስም ስለያዙ ግን ሁሉም አንድ እንዳይመስሉሽ። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲኤፍቲ073 የተባለው ዝርያ ሙሉ ዘረመል ተነብቦ ታተመ። ይህ ዝርያ ኃይለኛ የኩላሊት ኢንፌክሽን ከያዛት ሴት የተወሰደ ነው። ተመራማሪዎቹ ከሌሎች ሁለት ኢ. ኮላዮች ጋር ጎን ለጎን አስቀመጡት። አንዱ ላቦራቶሪ ውስጥ ሲራባ የኖረው ለማዳው ኬ-12 ነው። ሌላው ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው ኦ157 ነው። የሦስቱ ፕሮቲኖች ተሰብስበው በዓይነት ሲቆጠሩ፣ ሦስቱም በጋራ ያላቸው 39.2 በመቶውን ብቻ ሆኖ ተገኘ። በአንድ ስም የሚጠሩ ፍጥረታት ናቸው እንግዲህ! የኬ-12 ዘረመል 4.6 ሚሊዮን የዲኤንኤ ፊደላት አሉት። የሲኤፍቲ073 5.2 ሚሊዮን ነው። ትርፉ ስድስት መቶ ሺህ ፊደል ከየት መጣ? ምንስ ይሠራል?

ከፊሉን መልስ ቀድሞ ያገኘው ዮርግ ሃከር የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከባልደረቦቹ ጋር 536 የሚባል ከኩላሊት ኢንፌክሽን የተገኘ ዝርያ ያጠና ነበር። ይህ ዝርያ ሄሞላይሲን የሚባል መርዝ አለው፤ ቀይ የደም ሴልን ይበሳል። ደም የተቀላቀለበት አጋር (ባክቴሪያ የሚራባበት የረጋ ምግብ) ላይ ስታበቅዪው እያንዳንዷ ኮሎኒ፣ ማለትም ከአንድ ባክቴሪያ የተራባች ክምር፣ ዙሪያዋን ቀለበት የመሰለ ጥርት ያለ ቦታ ትሠራለች። ደሙ ስለፈረሰ ነው። አልፎ አልፎ ግን ቀለበት የሌላት ኮሎኒ ብቅ ትላለች።

እኔም ተማሪ ሳለሁ እንዲህ ዓይነት ኮሎኒ ገጥማኝ ታውቃለች። ሌላ ባክቴሪያ ገብቶ ተበክሎብኝ ነው ብዬ ሳህኑን ጣልኩት። አለቃዬ ሲሰማ ራሱን ይዞ ሳቀ። የጣልኩት ዋናውን ነገር ነበር። ቀለበት የሌላት ኮሎኒ ባዕድ አይደለችም፤ ያው ባክቴሪያ ነች፣ ግን አንድ ትልቅ የዲኤንኤ ቁራጭ ነቅላ ጥላለች።

ሃከርና ባልደረቦቹ ያዩት ይህንን ነው። መርዙን የሚሠሩት ጂኖች ሲጠፉ ብቻቸውን አልጠፉም። ኩላሊት ላይ ለመጣበቅ የሚያገለግሉትን ጂኖች ይዘው ነው የሄዱት። ማለትም ጂኖቹ በአንድ ሠፈር ተሰብስበው የተቀመጡ ናቸው፤ ሲመጡም ሲሄዱም በጅምላ ነው። ለእነዚህ ሠፈሮች «የበሽታ አምጪነት ደሴቶች» የሚል ስም አወጡላቸው። ደሴት መባላቸው ያለምክንያት አይደለም። የፊደል ድርሻቸው፣ ማለትም የትኛው የዲኤንኤ ፊደል ምን ያህል እንደሚበዛ፣ በዙሪያቸው ካለው ዘረመል ይለያል። ይህም ከሌላ ፍጥረት የመጡ እንግዶች መሆናቸውን ያሳብቃል። ብዙ ጊዜ የሚያርፉትም ፕሮቲን ሲሠራ የሚያግዙ፣ ቲአርኤንኤ የሚባሉ ጂኖች አጠገብ ነው። በ536 ላይ አንዱ ሴልሲ፣ ሌላው ሊውኤክስ የሚባል ጂን ተጠግቶ ነው የተቀመጠው።

ይህቺ ሊውኤክስ ጉደኛ ናት። ሁለተኛው ደሴት ተነቅሎ ሲሄድ እሷንም ቆርጧት ይሄዳል። እሷ ስትጎድል ደሴቱ ላይ ያልነበሩ ሌሎች ችሎታዎችም ይዳከማሉ፤ ለምሳሌ አሁን የምነግርሽ የመጣበቂያ ፀጉር። እንግዳው ሲወጣ የቤቱን ምሰሶ ነቅሎ እንደመሄድ ነው።

እንግዲህ «ደሴት ያለው አደገኛ፣ የሌለው ሰላማዊ» ብለን መዝጋት በቻልን ነበር። ነገሩ ግን እንደዚያ ቀላል አይደለም። ምክንያቱም ፊኛ ውስጥ ለመቆየት ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው መሣሪያ ደሴት ላይ የለም። ለማዳው ኬ-12 ራሱ አለው። ሁሉም ኢ. ኮላይ ማለት ይቻላል አለው።

መሣሪያው ዓይነት 1 ፊምብሪያ ይባላል። ባክቴሪያውን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ስታይው ዙሪያውን ፀጉር ያበቀለ ይመስላል። እያንዳንዱ ፀጉር ፊምኤ የሚባል ፕሮቲን ተደራርቦ የተሠራ ነው። ጫፉ ላይ አንዲት ፊምኤች የምትባል ፕሮቲን ትቀመጣለች። ሥራዋ ማኖስ የሚባለውን ስኳር መያዝ ነው። የፊኛን የውስጥ ግድግዳ የሚሸፍኑት ሴሎች ደግሞ ዩሮፕላኪን የሚባሉ ፕሮቲኖች ለብሰዋል፤ በእነሱ ላይ ማኖስ አለ። መንጠቆና ቀለበት እንደማለት ነው።

ላቦራቶሪ ውስጥ ስለሆንሽ ይህን በዓይንሽ ማየት ትችያለሽ። አስተማሪሽን አስፈቅደሽ፣ ጉዳት በሌለው የኬ-12 ዝርያ ሞክሪው። ባክቴሪያውን በፈሳሽ ምግብ ውስጥ ሳትነቀንቂ ለሁለት ቀን አቆዪው። የዳቦ እርሾ በጨው ውሃ በጥብጪ። ስላይድ ላይ ከሁለቱም አንዳንድ ጠብታ አድርገሽ ቀላቅይና ቀስ እያልሽ ወዲያ ወዲህ አዘንብዪው። የእርሾ ሽፋን በማኖስ የተሞላ ነው። ባክቴሪያው ፀጉሩን አብቅሎ ከሆነ እርሾውን ይይዘዋል። ወዲያው ወተት ሲበጣጠስ እንደሚሆነው ዓይነት ነጫጭ ጓል ይታይሻል። አሁን ሁለተኛ ስላይድ ውሰጂ፤ የማኖስ ጠብታ ጨምሪበት። ጓሉ የለም። ማኖሱ የፊምኤችን መዳፍ ስለያዘው እርሾውን የሚጨብጥበት እጅ የለውም።

ሦስተኛ ሙከራ ካሰኘሽ ያንኑ ባክቴሪያ ከአጋር ላይ አንስተሽ ድገሚው። ብዙ ጊዜ ጓሉ ይደክማል ወይም ጭራሽ አይታይም። ዝርያው ያው፣ ጂኑም ያው። ታዲያ ምን ተለወጠ?

እዚህ ላይ ነው ቆም ማለት የምፈልገው። የጥያቄሽ መልስ ያለው እዚህ ስለሆነ። ፊም የሚባሉት የፊምብሪያ ጂኖች በአንድ ረድፍ የተደረደሩ ናቸው። ከፊታቸው 314 ፊደል የምትረዝም የዲኤንኤ ቁራጭ አለች። «አንብብ» የሚለው ትእዛዝ ያለው እሷ ውስጥ ነው። ይህች ቁራጭ ተቆርጣ፣ ተገልብጣ፣ እዚያው ቦታዋ ላይ መልሳ ልትሰፋ ትችላለች። ፊቷን ወደ ጂኖቹ ስታዞር ፀጉሩ ይበቅላል። ጀርባዋን ስትሰጥ ይቆማል። ገልባጮቹ ሁለት ፕሮቲኖች ናቸው። ፊምቢ በሁለቱም አቅጣጫ ይገለብጣል። ፊምኢ ግን ዋና ሥራው ማጥፋት ነው። ማብሪያ ማጥፊያ በይው።

ስለዚህ ከአንድ ባክቴሪያ የተወለዱ መንትዮች እንኳ አንዱ ባለፀጉር፣ ሌላው መላጣ ሊሆኑ ይችላሉ። ጂኑ ኖሮት ያላበራው ባክቴሪያ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደሚለው ሰው ነው። ይህ ደግሞ ድክመት አይደለም፤ ብልጠት ነው። ፀጉር የበሽታ መከላከያ ሴሎችን ዓይን ይስባል። ሽንት ውስጥ ተንሳፍፎ ለሚሄደው ፀጉር ሸክም ነው። ግድግዳ ላይ ለተጣበቀው ግን ሕይወቱ ነው። እውነትም ሽንት ውስጥ የሚዋኙት በአብዛኛው አጥፍተው፣ ሴል ላይ የተለጠፉት አብርተው ነው የሚገኙት። ግማሹ መላጣ፣ ግማሹ ባለፀጉር ሆኖ የሚመጣ ጭፍራ የትኛውም ሁኔታ ቢገጥመው የሚተርፍ አያጣም።

ስለ ፊምኤች ሳልነግርሽ የማላልፈው ሌላም ነገር አለ። ሽንት ሲወርድ ባክቴሪያውን ጠርጎ ይዞ መሄድ ነበረበት። ፊምኤች ግን ሲስቧት የባሰ ታጠብቃለች። ፈሳሹ ሲጎትታት ቅርጿ ይለወጥና የማኖሱ አያያዝ ይጠብቃል። ፀጉሩ ራሱ ደግሞ እንደ ሽቦ ምንጭ ተጠምጥሞ የተሠራ ስለሆነ ጎርፉ ሲመጣ ይፈታታል፣ ሲያልፍ ይጠመጠማል። ሰውነት ባክቴሪያን ለማባረር ያለው ቀላሉ መንገድ መሽናት ነው። እሷ ያንኑ ኃይል መልሳ ለራሷ ተጠቀመችበት።

ከተጣበቀ በኋላስ? አንዳንዱ ውጭ አይቀርም፤ ሴሉ ውስጥ ዘልቆ ይገባል። በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የስኮት ሃልትግሬን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2003 ይህንን በአይጥ ፊኛ አሳየ። አንድ ባክቴሪያ ገብቶ ሴሉ ውስጥ ይራባና በሺዎች የሚቆጠር የታጨቀ ማኅበር ይሆናል። ሴሉ ወደ ውጭ እስኪያብጥ ድረስ። ከዚያ ይፈነዳል፣ ወጥተውም ጎረቤት ሴሎችን ይይዛሉ። ጥቂቶቹ ደግሞ ከሥር ባሉት ሴሎች ውስጥ ሳይራቡ ያንቀላፋሉ። ያንቀላፋን ባክቴሪያ አንቲባዮቲክ እምብዛም አያገኘውም። የማኅበሩ ምልክቶች በሴቶች ሽንት ውስጥም ታይተዋል። የእህትሽ ሕመም የመመለሱ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። ሌላው፣ ምናልባትም የሚበዛው፣ ከአንጀት እንደገና መምጣቱ ነው።

ወደ ኩላሊት መውጣት ደግሞ ሌላ መሣሪያ ይጠይቃል። እሱ ፓፕ የሚባለው የጂን ረድፍ ነው። ይህኛው በእርግጥም ደሴት ላይ የሚገኝ ነው፤ ከሄሞላይሲኑ ጋር አብሮ ጠፋ ያልኩሽ እሱ ነው። የሚሠራው ፀጉር ፒ ፊምብሪያ ይባላል። ጫፉ ላይ ያለችው ፓፕጂ ማኖስ አትፈልግም። የምትይዘው የኩላሊት ሴሎች ላይ ያለን፣ ጋላክቶስ የሚባል ስኳር ሁለት ሆኖ የተያያዘበት ቅባት ነው። ይኸው ስኳር ቀይ የደም ሴል ላይም አለ፤ ፒ የሚባለው የደም ዓይነት የተሠራው በእሱ ነው። እጅግ ጥቂት ሰዎች ይህ ስኳር ጭራሽ የላቸውም። ፒ ፊምብሪያ የእነሱን ሴል መጨበጥ አይችልም። ፓፕጂም ወንድማማች ዓይነቶች አሏት፤ ሁለተኛው ዓይነት ከኩላሊት ኢንፌክሽን ጋር፣ ሦስተኛው ከፊኛ ጋር ይበልጥ ይያያዛል።

ፓፕም ማብሪያ ማጥፊያ አለው፤ አሠራሩ ግን ከፊም የተለየ ነው። ምንም የሚገለበጥ ነገር የለም። ዲኤንኤው ላይ ሁለት ቦታዎች አሉ፤ ዳም የሚባል ኢንዛይም ከሁለቱ በአንዱ ላይ ትንሽ የኬሚካል ምልክት ያኖራል። ምልክቱ ያረፈበት ቦታ ይብራ ወይስ ይጥፋ የሚለውን ይወስናል። ፊደሉ አንድም አልተለወጠም። ዘረመሉን ብታነቢው አንድ ነው፤ ሥራው ግን ሁለት ነው።

ሌሎቹን መሣሪያዎች ቶሎ ቶሎ ልለፍልሽ። ሄሞላይሲንን አይተናል፤ ኃይለኛ ከሆኑት የሽንት ቧንቧ ዝርያዎች ግማሽ ያህሉ አላቸው። ሲኤንኤፍ1 የሚባል መርዝም አለ፤ የሴሉን አፅም የሚመሩትን ሮ ፕሮቲኖች አብርቶ ይተዋቸዋል፣ አያጠፋቸውም። ካፕሱል የሚባለው ሽፋን ከመከላከያ ሴሎች ይሸሽገዋል። ፍላጀላ ደግሞ ወደ ላይ ለመዋኘት።

ብረት ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር አያልፍም። ባክቴሪያ ያለ ብረት አይራባም። ሽንት ውስጥ ደግሞ ብረት እምብዛም ነው። ስለዚህ ብረት አጥማጅ ኬሚካሎችን ይልካል። ኢንተሮባክቲን የሚባለው ሁሉም ኢ. ኮላይ ጋ አለ። ሰውነታችን ግን ይህንን አውቆበታል። ሊፖካሊን 2 በሚባል ፕሮቲን ኢንተሮባክቲኑን መንገድ ላይ ይይዘዋል። ባክቴሪያው ምን አደረገ? አይሮ በሚባሉ ጂኖች አማካይነት ኢንተሮባክቲኑ ላይ ስኳር ለጠፈበት። አሁን ሊፖካሊን አያውቀውም። ይህ ሳልሞኬሊን ይባላል፤ ያው አጥማጅ በተለወጠ ልብስ። በዚህ ላይ ኤሮባክቲን አለ። የርሲኒያባክቲንም አለ። የመጨረሻው የመጣው የርሲኒያ ከሚባሉት ባክቴሪያዎች ጋር ከሚጋሩት ደሴት ነው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓን የፈጀው ወረርሽኝ ባክቴሪያም ይህ ደሴት አለው። አንዱ በር ሲዘጋ ሌላ የሚያስገባ አራት ቁልፍ ይዞ የሚዞር ጎብኚ በይው።

እስካሁን ያልኩሽን ሰምተሽ «በቃ፣ እነዚህ ጂኖች ያሉት ጠላት ነው» ልትዪ ትችያለሽ። እኔም ለዓመታት እንደዚያ ነበር የማስበው። ሁለት ባክቴሪያዎች አስተያየቴን አስለወጡኝ።

የመጀመሪያው 83972 ይባላል። የተገኘው በስዊድን፣ ሦስት ዓመት ያህል ምንም ሳያማት ፊኛዋ ውስጥ ይዛው ከኖረች ልጅ ነው። ዘረመሉ ሲታይ የኃይለኛ ዝርያ ዘር ነው። ግን የፊም ረድፉ ትልቅ ቁራጭ ተቆርጦለታል። የፓፕጂ ጂኑም በለውጥ ተበላሽቷል። ሰይፉን ሰብሮ፣ ሠፈሩ ውስጥ ተከባብሮ መኖርን መርጧል። ሰውነትም ዝም ብሎታል። ሐኪሞች ይህንኑ ባክቴሪያ ሆን ብለው ኢንፌክሽን የሚመላለስባቸው ሰዎች ፊኛ ውስጥ እስከማስገባት ደርሰዋል፤ ቦታውን ይዞ ክፉውን እንዲያስቀር። በተሞከረባቸው ሰዎች ላይም መመላለሱ ቀንሷል።

ሁለተኛው ይብሳል። አልፍሬድ ኒስለ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1917፣ ጓደኞቹ በተቅማጥ ሲታመሙ እሱን ምንም ካልነካው ወታደር ሰገራ አንድ ኢ. ኮላይ ለየ። ዛሬም በሚዋጥ የመድኃኒት ካፕሱል ታሽጎ ለአንጀት ጤና ይሸጣል። ዘረመሉ ሲነበብ ታዲያ የቅርብ ዘመዱ ማን ሆኖ ተገኘ? ያ የኩላሊት ኢንፌክሽን ያመጣው ሲኤፍቲ073! ኤሮባክቲኑ፣ ሳልሞኬሊኑ፣ የርሲኒያባክቲኑ፣ ካፕሱሉ፣ ዓይነት 1 ፊምብሪያው ሁሉም አለው። የሌለው ሄሞላይሲንና ፒ ፊምብሪያ ነው። «የበሽታ ጂን» ብለን የጻፍናቸው አብዛኞቹ አንጀት ውስጥ ለመክረም የሚያስፈልጉ የኑሮ ዕቃዎች ሆነው አረፉት። ፊኛ ለባክቴሪያው ግቡ አይደለም። እንዲያውም መንገድ ስቶ የገባበት ጓሮ ነው ብል ይቀለኛል። ቢላዋ ኩሽና ውስጥም አለ፣ ወንጀል ላይም አለ።

በዚህ ምክንያት ነው ስታንሊ ፋልኮው የተባለው አሜሪካዊ የባክቴሪያ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ጥብቅ መመዘኛ ያወጣው። አንድን ጂን ከበሽተኛ ባክቴሪያ ላይ ስላገኘሽው ብቻ «በሽታ አምጪ» አትዪው። ጂኑን አጥፊው፤ ባክቴሪያው ይድከም። መልሺለት፤ ጉልበቱ ይመለስ። ያኔ ነው ማውራት የሚቻለው። ፊምኤች ይህንን ፈተና በአይጥ ላይ አልፋለች። ዝርዝር ውስጥ ከሚጻፉት ብዙዎቹ ግን ገና አልተፈተኑም፣ ወይም ሲፈተኑ ለውጥ አላመጡም። አንዱ ሲጠፋ ሌላው ስለሚተካው ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ልሂድ። መድኃኒት መላመድ የራሱ ጂኖች አሉት። ብዙዎቹ የሚኖሩት ፕላዝሚድ በሚባሉ ትንንሽ የዲኤንኤ ቀለበቶች ላይ ነው፤ ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው ይተላለፋሉ። ሲቲኤክስ-ኤም-15 የሚባለው ለምሳሌ ሴፍትሪያክሶንን የመሰሉ መድኃኒቶችን የሚቆራርጥ ኢንዛይም ይሠራል። ሲፕሮፍሎክሳሲንን መላመድ ደግሞ ባብዛኛው የሚመጣው በባክቴሪያው በራሱ ጂኖች፣ ጋይርኤ እና ፓርሲ ላይ በሚፈጠር ትንሽ ለውጥ ነው። እነዚህ አንዳቸውም ባክቴሪያውን ፊኛ ላይ አያጣብቁትም፣ መርዝም አያስተፉትም። ሁሉንም መድኃኒት የተላመደ ግን ለማጥቃት ደካማ የሆነ አለ። በተራ ክኒን የሚሞት ግን ኩላሊትን የሚያተራምስም አለ።

የሚያስፈራው ሁለቱ ሲገጣጠሙ ነው። ኤስቲ131 የተባለው ዝርያ እንደዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በተለያዩ አህጉራት ተሰራጭቶ እንደነበር ታወቀ። ጥሩ መጣበቂያና ብረት አጥማጅ አለው፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንን መላመድንም ሲቲኤክስ-ኤምንም ደርቦ ይይዛል። ተማሪዎች ፈተና ላይ የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው፤ ኤስቲ131ን አይተው ሁለቱ አንድ ናቸው ይላሉ። አንድ አይደሉም። አንድ ቤት ተከራዩ እንጂ።

ሁሉም ነገር ኢ. ኮላይ እንዳይመስልሽ ስለ ፕሮቲየስ ሚራቢሊስ አንድ ቃል ልጨምር። የእሱ መለያ ዩሪኤዝ ነው። ሽንት ውስጥ ያለውን ዩሪያ ወደ አሞኒያ ይቀይራል። ዩሪያ መኖሩን ዩአርአር የሚባል ፕሮቲን አውቆ ጂኑን ያበራል። ሽንቱ አልካላይን ይሆናል፣ ማዕድን ይረጋል፣ ጠጠር ይፈጠራል። ባክቴሪያው ጠጠሩ ውስጥ ይሸሸጋል። ካልቸርሽ ላይ ሳህኑን እንደ ማዕበል የሚሸፍን፣ ክብ ክብ ሞገድ የሚሠራ ነገር ካየሽ እሱ ነው።

የሰውየውስ ድርሻ? ትልቅ ነው። የሴት የሽንት መውጫ ቱቦ አራት ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ይህ ብቻውን ብዙ ይናገራል። በዚህ ላይ የሰው ጂኖችም አሉ። ሲኤክስሲአር1 የሚባለው የነጭ ደም ሴል መቀበያ ዝቅ ያለባቸው ልጆች ለኩላሊት ኢንፌክሽን ይጋለጣሉ። አንዱን ያስተኛ ባክቴሪያ ሌላው ላይ ምንም ላያደርግ ይችላል። ተመራማሪዎች ከሕመምተኞች የተወሰዱ ዝርያዎችን ዘረመል ደጋግመው አንብበዋል። ሁሉም ላይ የሚገኝ፣ አንጀት ውስጥ ባሉት ላይ ግን የማይገኝ አንድ የጂን ስብስብ አላገኙም። ይልቅ የሚታየው የተለመዱ ጂኖች አሠራር ነው። ፊኛ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች በየሃያ ደቂቃው ገደማ እስከመከፈል ይፈጥናሉ። ለዚያ የሚያስፈልጉት ጂኖች ደግሞ ሁሉም ጋ ያሉ ተራ የጓዳ ጂኖች ናቸው።

ሦስተኛው ጥያቄሽ በዚህ ተመለሰ ማለት ነው። የጂን ዝርዝር «ይመለሳል፣ አይመለስም» አይልሽም። ማን መሣሪያ እንደያዘ ይነግርሻል እንጂ መቼ እንደሚመዝዘው አይነግርሽም።

እግረ መንገዴን፣ ስለ ማኖስ ሰምታችሁ ዱቄቱን ለመግዛት አስባችሁ ይሆናል። ሐሳቡ ከእርሾው ሙከራ ጋር አንድ ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ የብሪታንያ ጥናት 598 ኢንፌክሽን የሚመላለስባቸውን ሴቶች ለስድስት ወር ተከታተለ። ዲ-ማኖስ ከወሰዱት 51 በመቶው፣ ሌላ ስኳር ከወሰዱት 55.7 በመቶው እንደገና ሕክምና ፈለጉ። ልዩነቱ ከአጋጣሚ የሚለይ አይደለም። ስላይድ ላይ የሠራ ሁሉ ሰው ላይ አይሠራም። ፊምኤችን እጅግ አጥብቀው የሚይዙ ሰው ሠራሽ ማኖሲዶች እየተሞከሩ ነው፤ እኔ ተስፋዬን የጣልኩት እነሱ ላይ ነው።

ለእህትሽ ግን ዛሬ የሚጠቅም ነገር አለ። ሦስቱንም የካልቸር ውጤት ከነመድኃኒት ዝርዝሩ በቀን ቅደም ተከተል አስቀምጪው። ሦስቱም ላይ የሚገድሉትና የማይገድሉት መድኃኒቶች አንድ ዓይነት ከሆኑ ያው ዝርያ እየተመላለሰ ሊሆን ይችላል። በጣም ከተለያዩ በየጊዜው አዲስ እየገባ ነው ብሎ መጠርጠር ይቻላል። ማስረጃ አይደለም፣ ፍንጭ ነው፤ ባክቴሪያው መሐል ላይ አዲስ መድኃኒት ሊላመድም ይችላልና። ሐኪሟ ግን በዚህ ፍንጭ ብዙ መሥራት ይችላል፤ ምክንያቱም ያው እየተመለሰ ከሆነ ጠጠር ወይም ሌላ መሸሸጊያ አለ ወይ ብሎ መፈለግ አለበት። ምንም ሳያማት ካልቸሩ ላይ ባክቴሪያ ቢታይ ደግሞ፣ እርጉዝ ካልሆነች ወይም የሽንት ቧንቧ ቀዶ ሕክምና ካልቀረባት በስተቀር፣ መድኃኒት ውሰጂ አትበያት። 83972ን አስታውሺ። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ጎንና ወገቧን ውጋት ከያዛት ግን ውጤት እየጠበቀች ቤት አትቀመጥ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ትሂድ።